የእማማ የሺ ጉድጓድ

ዛሬ ጠዋት የእማማ የሺ የባዮጋዝ ምድጃ አልነደደም።

እማማ የሺ እዚህ አንበሳሜ አጠገብ ብቻቸውን የሚኖሩ ጎረቤቴ ናቸው። በየቀኑ የላማቸውን እበት በውሃ በጥብጠው የባዮጋዙ ጉድጓድ ውስጥ ይጨምራሉ። በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ያንን እየበሉ ጋዝ ይሰጧቸዋል።

“ምን ገባበት እማማ?” አልኳቸው።

“በረኪና። ልጄ ለበዓል እመጣለሁ ቢለኝ ጋጣውን አጠብሁት። የከተማ ሰው ሆኗል፤ ሽታ አይወድም።”

እጣቢው በቦዩ ወደ ጉድጓዱ ወርዶ ተሕዋስያኑን ፈጅቷቸዋል። በጋዜጠኝነት ዘመኔ ንጽሕና ያደረሰውን ጥፋት ስዘግብ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ልጃቸው ትናንት ደውሎ እንደማይመጣ ነግሯቸዋል።

“አየህ ልጄ፣ ለሚመጣው ብዬ ያሉትን ፈጀሁ” አሉኝና ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ጉድጓዱ እንዲያገግም ትኩስ እበትና የሳምንታት ትዕግሥት ይፈልጋል። ልጃቸው ግን ላሟን ሸጠው ባሕር ዳር እሱ ዘንድ እንዲገቡ ይወተውታቸዋል።

ወላጆቻችሁን ከቀያቸው አንስታችሁ ከተማ ያስገባችሁ፣ እንዴት ሆኑላችሁ? ጻፉልኝ፤ ለእማማ የሺ አነብላቸዋለሁ።

ላሟ ለሐሙሲት ገበያ ትነዳ እንደሆነ ሐሙስ ጠዋት ይወስናሉ።