በበረኪና የታጠበችው መኪና

ያን ዓመት ባሌና ልጄ አዲስ አበባ ቀሩ፤ እኔ ደግሞ ዱባይ አቅራቢያ፣ አጅማን አል ጁርፍ፣ ከአንዲት ነጭ የቤት መኪና ጋር ቀረሁ። ባሌ የታመመች እናቱን ሊጠይቅ ልጃችንን ይዞ ሲሄድ ለሁለት ሳምንት ነበር። ሳይመለሱ ኮሮና መጣና አውሮፕላን ማረፊያው ተዘጋ። ክፍል የምመዘግብበት የዱባዩ ሆቴልም ተዘጋና ስንከፍት እንጠራችኋለን ብለው ወደየቤታችን ሸኙን። ባሌ ሥራውን ያጣው ከዚያ ቀደም ብሎ ስለነበር የሱም የልጄም የመኖሪያ ፈቃድ የተንጠለጠለው በኔ ሥራ ላይ ነው። እኔ ከሥራ ከወጣሁ እነሱ የሚመለሱበት ቤት የለም ማለት ነው። ይህን እያወቅኩ እንቅልፍ የሚባል ነገር አጣሁ።

ክረምት ሲገባ፣ ማለቴ በአገር ቤት ክረምት፣ እዚህስ እሳት ነው፣ ከሆቴሉ ተደወለ። እሁድ እንከፍታለን አለችኝ የሠራተኞች ኃላፊዋ፤ መምጣት የማይችል ካለ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። መምጫ እንዳለኝ ጠየቀችኝ። በኤምሬቶቹ መካከል የሚመላለሰው አውቶቡስ ቆሟል። የሆቴሉ አውቶቡስ የሚያነሳው በድርጅቱ መኖሪያ ያሉትን ብቻ ነው። አለኝ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና በመስኮት ወደ ታች አየሁ። መምጫዬ ከሕንጻው ጀርባ ሜዳው ላይ አሸዋ ለብሳ ቆማለች። ሙልኪያዋ፣ ማለትም ዓመታዊ ፈቃዷ፣ ጊዜው አልፎበታል። ለማሳደስ ደግሞ ምርመራ ማለፍ አለባት።

ለባሌ ደወልኩ። መኪናዋን ሁልጊዜ የሚነዳት እሱ ነው። እኔ መንጃ ፈቃድ ባወጣም ከገበያ ማዶ ርቄ አላውቅም። እሱም ሰው ፈልገሽ ተዳብለሽ ሂጂ አለኝ። በዚያ ወቅት የማንንም ትንፋሽ መኪናው ውስጥ የሚያስገባ ሰው ከየት ይመጣል? ይህን ስነግረው፣ "ተይው በቃ፣ መኪና ነገር አንቺ አትችይውም" አለኝ። በክፋት አይደለም፤ ለኔ ተጨንቆ ነው። እኔን ግን እልህ ያዘኝ። እኔን እልህ ከያዘኝ ደግሞ እናቴም አትመልሰኝ።

አብራኝ የምትኖር አንዲት የወሎ ሴት ነበረች፤ እትዬ ነው የምላት። ሻርጃ አንድ ማዳም ቤት ዓመታት ሠርታ፣ ቤተሰቡ ውጭ አገር ሄዶ እዚያው ሲቀርባት መግቢያ አጥታ እኔ ጋ መጣች። ነገሩን ስነግራት ወዲያው እጅጌዋን ሰበሰበች። ባልዲ፣ ጨርቅ፣ ኦሞና በረኪና ይዘን ወረድን። በኛ ቤት ንጹሕ ማለት በረኪና የሸተተ ነው። ኮሮና ከገባ ወዲህማ የበሩን እጀታ፣ ጫማውን፣ ቁልፉን፣ የሎሚውን ከረጢት ሳይቀር በሱ ስንወለውል ነው የከረምነው። ለመኪና አይሆንም ብሎ ያሰበ ሰው ከሁለታችን አልነበረም። እንዲያውም ባልዲው ላይ አንድ ክዳን እንጨምር ብላ እትዬ ስትጠይቀኝ ሁለት አድርጊው አልኳት።

ኮፈኑ እንቁላል ይጠብሳል። አረፋው ውኃ ሳናፈስበት እላዩ ላይ ደረቀ። አጥበን ስንጨርስና ፀሐይዋ ስትመታት ያየነውን አልረሳውም። ኮፈኑ ሽሮ እንደፈሰሰበት የጠረጴዛ ልብስ ዥንጉርጉር ሆኗል። በሮቹን ዙሪያ የያዘው ጥቁር ጎማ ሸብቷል። የሚያብረቀርቁት እጀታዎች ነጠብጣብ አውጥተዋል። እትዬ ባልዲውን አስቀምጣ፣ "ዋላሂ፣ ማዳም ቤት እብነ በረዱን በዚሁ ነበር የማጥበው" አለች። ስቄ ልሞት ደረስኩ፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ሊዞርብኝ ሲል ቁልፉን አንስቼ ገባሁ። እንደዚሁ አድርጌ ወደ ምርመራው ነዳኋት።

መርማሪው በጭምብሉ ላይ ፕላስቲክ መከለያ የደረበ ወጣት ነበር፤ ከሩቅ ነው የሚያናግረኝ። መኪናዋን ዞራትና ወደቀች። የፊት መብራቶቹ ቢጫ ጉም ለብሰዋል፣ ብርሃናቸው አይወጣም። ኮፈኑ ቀለሙ ተበላሽቷል። ጎማዎቹ አርጅተዋል። በጎማው ተከራከርኩት፤ ጥርሱ ገና ያልተነካ ጎማ ነው። ጎንበስ ብሎ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አሳየኝ፤ የተሠራበት ዓመት ነው። በዚህ ሙቀት ጎማ በመሄድ ብቻ ሳይሆን በመቆምም ያረጃል አለኝ። እኛ ጋ ጥርስ ካለው ጎማ ነው። እዚህ የልደት ቀኑ ይቆጠርበታል።

ሐሙስ ነበር። ከዚያው ወደ ሻርጃ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ሄድኩ። ግማሹ ሱቅ ዝግ ነው። የተከፈተው ጎሚስታ አራቱንም ጎማ ቀየረልኝ። አጠገቡ ያለው ቀለም ቀቢ ኮፈኑን በጣቱ ዳሰሰና በፖሊሽ ሊለቅ ይችላል፣ ካልለቀቀ ሙሉውን መቀባት ነው፣ ለዚያ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሺ አለኝ። ሠራተኞቹ መኖሪያቸው ተዘግቶባቸው ብቻውን ነው የሚሠራው። የሚቀጥለው ሳምንት ለኔ የለም። ብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው እስከ ልስልሱ፣ ፖሊሽ፣ ሰምና የጎማ ቅባት ገዝቼ ተመለስኩ።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ፣ ፀሐይዋ ሳትከፋ፣ እትዬና እኔ ተንበረከክን። መጀመሪያ ቀለሙ እንዳይጫር በመብራቱ ዙሪያ ፕላስተር ለጠፍን። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀቱን ውኃ እያስነኩ፣ ከሻካራው እየጀመሩ መፈተግ ነው። የመጀመሪያው መብራት ጭራሽ ወተት መሰለ። እትዬ እጇን ሰበሰበችና፣ "ገደልናት። ኸላስ፣ ተይ እንተው" አለች። ግን ስልኬ ላይ ደጋግሜ ያየሁት ሰውዬ ይነጣል፣ አትደንግጡ ብሏል። አልተውኩም። ልስልሱን ወረቀት ያዝኩ፣ ከዚያ የባሰውን ልስልስ፣ ከዚያ ፖሊሹን። ክንዴ ሊገነጠል ሲደርስ ወተቱ ሳሳ፤ ከሥሩ አምፖሉ ብቅ አለ። እትዬ መሐረቧን አጥብቃ አሰረችና ወረቀቱን ከእጄ ቀምታ ሌላኛውን መብራት ያዘች።

ያን ቀን ነው መኪናዋን በደንብ ያየኋት። ስንት ዓመት ውስጧ ተቀምጬ ከውጭ አይቻት አላውቅም። ከፊት መስታወቱ ሥር ውኃ የሚወርድበት ቦይ አለ፤ በአሸዋና በደረቀ ቅጠል ታፍኗል። የበሮቹ ታች ትንንሽ ቀዳዳዎች አሏቸው፤ የገባው ውኃ ካልወጣ ላሜራው ከውስጥ ይበላል። በጥርስ መጎርጎሪያ አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ራሱን የሚያጥፈው ስፖኪዮ መገጣጠሚያው አሸዋ ጠጥቶ አልላወስ ብሏል፤ በብሩሽ ጠርጌ ሳበራው እየነጫነጨ ተከፈተ። ከኋላ የታርጋዋ ራስ ላይ ያለችው የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ካሜራ እንኳ አቧራዋ ሲጠረግ ልጅ ከኋላ ቢቆም ታሳያለች። ነጭ ቀለሟንም ስሰድበው ኖሬያለሁ፤ አጠገቧ የቆመውን ጥቁር መኪና ነክቼ ሲፈጀኝ ነው ዋጋው የገባኝ። ቆንጆ መኪና አይደለችም። ቤተሰብ እንዲሸከም ያሰበ ሰው የሠራት መኪና ናት።

ኮፈኑ ግን ልባችንን አወለቀው። በፖሊሽ ስናሸው ሰፊው እድፍ ለቀቀ፤ ጠርዝ ጠርዙ አልለቀቀም። ሰም ደረብንበት። ፊት ለፊት ለሚያይ ሰው ደህና ነው፤ በጎን ላየው ሰው በረኪናው ይታያል። የሸበተውን የበር ጎማ እትዬ ቅባት አጠጥታ አጠቆረችው። ከዚህ በላይ የሚቻል ነገር አልነበረም።

ቅዳሜ ያው ወጣት መርማሪ ገጠመኝ። ጎማውን አየ። መብራቱን አብርቶ ግድግዳው ላይ ያረፈውን ብርሃን ለካ። ኮፈኑ ጋ ሲደርስ ወደ ጎን ተጠጋና አንገቱን ዘመም አደረገ።

"ይሄ ምን ነካው?" አለኝ።

"ኮሮና" አልኩት።

ከመከለያው ጀርባ ዓይኑ ሳቀ። ቀና ብሎ አለፈና የማለፊያውን ወረቀት ሰጠኝ፤ ሙልኪያዋም እዚያው ታደሰ። መኪናዋ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ጮክ ብዬ አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው።

እሁድ በማለዳ በአል ማምዛር በኩል ወደ ዱባይ ገባሁ። ሰፊው መንገድ ላይ ስወጣ መሪውን የያዝኩት ሁለት እጄ እስኪደነዝዝ ነው። የጭነት መኪና በጎኔ ባለፈ ቁጥር የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ደገምኩ። አልቆምኩም ግን። ሆቴሉ በር ላይ ሙቀቴን ለኩኝ፤ ኃላፊዋም ስሜን በሥራቸው ከሚቀጥሉት ጋር መዘገበችው።

ማታ ልጄ ደወለች። ሥራ መግባቴን ከአባቷ ሰምታለች። ማን ነድቶ እንደወሰደኝ ጠየቀችኝ።

"እኔው ነኛ" አልኳት።

"ብቻሽን?"

"ብቻዬን።"

"ታዲያ ከቻልሽ ነድተሽ ለምን እዚህ አትመጪም?" አለችኝ።

ባሕር አለ፣ ድንበር አለ፣ ልላት ነበር። ተውኩት። ሲመለሱ አውሮፕላን ማረፊያው በር ድረስ ነድቼ መጥቼ እንደምወስዳት ነገርኳት።

"ጫማዬን ላድርግ?" አለችኝ።

ዛሬ እንዳልሆነ ነግሬያት ስልኩን ለአባቷ እንድትሰጠው አደረግኩ። የመመለሻ ፈቃድ ጥያቄያቸውን ጠዋት ከሆቴሉ ደብዳቤ ጋር እንደማስገባ ነገርኩት። እሺ አለ። በማግስቱ ሲደውልልኝ ልጃችን ጫማዋን አላወልቅም ብላ እንደተኛች ነገረኝ።