ከሐዋ ጋር የበላነው ገንፎ

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ አሶሳ ገበያ አጠገብ ካለው ጭማቂ ቤት ይዛኝ ገባች። ከባጃጅ ስንወርድ ሙቀቱ አናቴን ሊበሳኝ ደርሶ ስለነበር እሺ ብዬ ተቀመጥኩ። «ሁለት ሚክስ!» አለች ለአስተናጋጁ። «ስፕሪስ ማለትሽ ነው?» ብላት ሳቀችብኝ። «ኧረ አክስቴ፣ ስፕሪስ የድሮ ነው! አሁን ሚክስ ነው የሚባለው።» አጃኢብ ነው! ያው ማንጎ፣ ያው አቮካዶ፣ ያው ብርጭቆ። ልጅቱ ምን ታድርግ፤ ቃሉን እኔ እሷ ሳትወለድ እንደተማርኩት አታውቅም። ብርጭቆው ፊቴ ሲቀመጥ ሳልቀምሰው ወደ እሷ ገፋሁት። «ሙቀቱ ነው» ብዬ አመካኘሁ።

ክልሉ ገና የተቋቋመ ሰሞን ነበር። አሶሳ ዋና ከተማ ተባለች እንጂ ከተማነቷ ገና ታፔላው ላይ ነበር። ትናንት የእህል መጋዘን የነበረው ቤት ዛሬ ቢሮ ይሆናል፤ በየቀኑ ስብሰባ ነው። እኛ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተን የሰፈርን ነን። በዚያ ሰሞን «ሰፋሪ» የሚለው ቃል ሲነሳ አባቴ ፊቱ ይጠቁር ነበር። ነባሩ ሕዝብ እኛን በጎሪጥ ያየናል፣ እኛም እነሱን በፍርሃት እናያለን፤ በአንዳንዱ መንደር ደግሞ ነገሩ ከጎሪጥም አልፎ ነበር። ትምህርት ቤት ውስጥ ግን አንዱ ወንበር ላይ ሦስት አራት ሆነን ስለምንታጨቅ፣ ወላሂ፣ መኮራረፊያ ቦታ እንኳን አልነበረም።

ከጎኔ የምትቀመጠው ሐዋ ነበረች፤ ከነባሩ ሕዝብ፣ የበርታ ልጅ። አባቷ አልማህዲ በሆሞሻ መንገድ ማሽላና ሰሊጥ የሚያርስ፣ ቃሉን የሚያከብር ሰው ነው። ሐዋ በሂሳብ ሁላችንንም ታስከነዳን ነበር። ሆሞሻ ያሉ ዘመዶቿ ለልጃቸው ጠይቀዋት፣ አባቷ «የስምንተኛ ክፍል ፈተና ትውሰድ፤ ካለፈች ትማራለች፣ ከወደቀች የእናንተ ናት» ብሎ መልሷቸው ነበር። እነሱ ግን ልባቸው አላረፈም። «ትምህርት ቤቱ ልጅቱን ያበላሻል» እያሉ ሰበብ ይፈልጋሉ። ሐዋም ይህን ስለምታውቅ እረፍት ወጥታ እንኳን አትጫወትም፤ ማንጎዋን እየላጠች ታጠናለች። ፈተናው ሰኔ ላይ ነው። እኛ ግንቦት ውስጥ ነን።

የእንግሊዝኛ መምህራችን ቲቸር ደሳለኝ ይባላል፤ ከሸዋ ደጋ ተመድቦ የመጣ፣ ሙቀቱ ፊቱን ያቀላው ልጅ እግር። ቃል በሰሌዳ ብቻ አይያዝም ብሎ ያምናል። ዝላይን ሊያስተምር ይዘላል፤ ማልቀስን ሊያስተምር አንዴ እውነት እንባ አውጥቶ አስደንግጦናል። ሚክስ ላይ ሲደርስ እንዲህ አለን፦ ዱቄትና ውሃ ሚክስ ይደረጋል፤ ዘይትና ውሃ ሚክስ አይሆንም፤ ሰውም ከሰው ጋር ሚክስ ያደርጋል፣ ተግባባ ተዋወቀ ማለት ነው። ግራ ገባን። በእኛ አማርኛ ሊጥ ይቦካል፣ ማር በቅቤ ይለወሳል፣ ወጥ ይማሰላል፣ ጤፍ ከማሽላ ይቀየጣል፣ ወተት በውሃ ይበረዛል፣ ሰው ይቀላቀላል።

«ለዚህ ሁሉ አንድ ቃል ብቻ?» አለች ሐዋ። «ምስኪን ፈረንጅ!»

ቲቸር በሳቅ ፈረሰ። «ሐሙስ በተግባር እናየዋለን» አለ ሲበቃው። «ከየቤታችሁ ለገንፎና ለወጥ የሚሆን ነገር አምጡ።» ከዚያ ሳቁን ገታና ጣቱን አነሳ። «ሥጋ ግን እንዳታመጡ! ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው የምንበላው።» ሰውየው ጥንቃቄ አላጎደለም። ይህን እስከ ዛሬ የምከራከርለት ነገር ነው።

ሐሙስ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ማንጎው ሥር ድስት ተጣደ። እኔ የማሽላ ዱቄት አመጣሁ፣ ሐዋ የደረቀ የባሚያ ዱቄትና የሰሊጥ ዘይት፣ ታደሰ የሚባለው የክፍላችን ልጅ፣ እንደ እኛው ሰፋሪ ግን ክርስቲያን፣ ሽሮ። የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን ነክቶት ስለነበር ቀዩ አፈር ይሸታል፤ ዝንቡም አይጣል ነው። ቲቸር እጅጌውን ሰብስቦ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ አንድ ነገር በጨመረ ቁጥር «ሚክስ!» ይላል፤ እኛም «ሚክስ!» እያልን እንጮኻለን። ሽሮው ከባሚያው ጋር ተንተክትኮ በገንፎው ላይ ሲፈስ ሁላችንም በአንድ ትሪ ዙሪያ ተኮለኮልን። በክፍላችን ሰፋሪና ነባር ክንድ ለክንድ ተጋጭቶ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ።

«ይህን ሽሮ ያመጣው ማን ነው? የእናቱ እጅ ይባረክ!» አለ ቲቸር ጣቱን እየላሰ።

ታደሰ ደረቱን ነፍቶ ተነሳ። «እናቴ እኮ ቋንጣ ወቅጣ ትጨምርበታለች! ለፋሲካ ካረድነው።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ልጁ ተንኮል የሚባል አልፈጠረበትም። ለእሱ ሥጋ ማለት በቢላ የሚቆረጥ ነገር ነው፤ ሽሮ ደግሞ ሽሮ ነው። ፆም ካልሆነ በቀር ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲያ ሲበላው ያደገ ነው። እኛ ሙስሊሞቹ ግን ክርስቲያን ያረደውን አንበላም፤ እነሱም የእኛን አይበሉም። እጆች ሁሉ ትሪው ላይ ቆሙ። ሐዋ ተነስታ ከማንጎው ኋላ ሄደች፤ ጣቷን ጉሮሮዋ ውስጥ ከትታ ስታስመልስ ሰማናት። ቲቸር ማማሰያውን እንደያዘ «አላወቅኩም፤ ወይኔ፣ አላወቅኩም» ይላል።

እኔም እያለቀስኩ ቤቴ ገባሁ። አባቴ ሰምቶኝ ሲያበቃ በረጅሙ ተነፈሰ። «እያወቅሽ ነው የበላሽው?»

«ኧረ ወላሂ አላወቅኩም!»

«በይ አፍሽን ተጉመጥመጪና አስተግፍሪ፣ ማረኝ በይ። አላህ ይምራል። ነገ ትምህርት እንዳትቀሪ።»

በእኛ ቤት ነገሩ በዚህ አለቀ። ከተማው ውስጥ ግን ሲመሽ ሌላ ሆኖ አደረ። ሰፋሪዎች ሆን ብለው የነባሩን ልጆች ሥጋ አበሉ ተባለ። አንዱ ዱላ ሲያዘጋጅ ሌላው በር ሲዘጋ፣ ቲቸር ደሳለኝም ከቤቱ እንዳይወጣ ተነገረው። የሐዋ ዘመዶች ደግሞ በማግስቱ ከሆሞሻ ከች አሉ። ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ይሏታል ጅግራ። ሲፈልጉት የኖሩት ሰበብ በገንፎ ተለውሶ መጣላቸው፤ «አላልንህም?» ብለው አባቷን ያዙት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሐዋ ቦታ ባዶ ሆነ።

በሳምንቱ ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ከነባሩም ከሰፋሪውም። ከቢሮ የተላከ አንድ ኃላፊ መካከል ላይ ወንበር ይዟል። እኔም ያየሁትን እንድናገር ተጠርቼ ተናገርኩ። የታደሰ እናት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። ቲቸር ተንበርክኮ ይቅርታ ሲጠይቅ አልማህዲ ትከሻውን ይዞ አነሳው።

«አንተ ኡስታዝ፣ ልጅ ነህ። አላወክም። ይሄ እናትም አላወቀም» አለ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው፣ እኔ ከማንም ንግግር አብልጬ በምወደው። «ልጄ ሳያውቅ በላ፤ አላህ ይምራል። እኔ ሰው አልከስም። ኸላስ፣ አለቀ!»

ሰው ሁሉ ተነፈሰ። ዱዓ ተደረገ፣ ሻይ ተቀዳ፣ ዱላ ሲያዘጋጁ የከረሙት ተቃቀፉ። አባቴ በደስታ «እንግዲያው ሐዋ ነገ ክፍሏ ትገባለቻ!» አለ።

አልማህዲ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። «እሱ ሌላ ነገር ነው። ሐዋ ተሰጥቷል፤ ቃል ወጥቷል። ሆሞሻ ይሄዳል።»

ቲቸር ብድግ አለ። «ፈተናው እኮ ደረሰ! ትፈተንና...» ኃላፊው ክንዱን ያዘው። «መምህር፣ ዋናው ዕርቁ መውረዱ ነው። ቤተሰብ ውስጥ አንገባም።»

«ሐዋን ጠይቋት!» ብዬ ጮህኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ ድምፄ እንደ ፍየል ነበር። ሽማግሌዎቹ ዞረው አዩኝና ወደ ሻያቸው ተመለሱ። አባቴ እጄን ይዞ እያቻኮለ ወሰደኝ፤ አልተቆጣኝም ግን።

ሐዋን ለመሰናበት ሄድኩ። በቀርከሃ በተሠራው ቤታቸው ጥላ ሥር፣ ሒና የተቀባ እጇን እንዳይነካካ ዘርግታ ተቀምጣለች።

«አንቺም በልተሻል አይደል?» አለችኝ።

«በልቻለሁ።»

«አባትሽ ምን አለ?»

«አላህ ይምራል አለኝ።»

«የኔም እንደሱ አለ» አለች። ከዚያ አጎንብሳ ሒናዋን እፍ እፍ አለችበት። ሒናዋ እስኪደርቅ አብሬያት ተቀመጥኩና በእንባዬ ሳላስቸግራት ወጣሁ።

ፈተናውን ያለፉት ስም ሲነበብ የእኔም ነበረበት። ቲቸር በዓመቱ ቦታ ቀየረ፤ እስኪሄድ ድረስ ያንን ቃል ሲያስተምር ዳግመኛ አልሰማሁም። ሐዋን አሁን አሁን ሆሞሻ ገበያ ስወርድ አገኛታለሁ። ልጆቿን እየጠራች ታስተዋውቀኛለች፤ ባሚያ በነጻ ካልወሰድሽ ብላ ትጣላኛለች። የሰሊጥ ሒሳቧን በቃሏ ስታወጣው ግን አንጀቴ ይቆስላል።

እኔም ዕድሜ ደርሶ ከሽማግሌ ጋር መቀመጥ ጀምሬያለሁ። እዚህ አገር የሚታረቅ መቼ ጠፍቶ። ዱዓው ሊጀመር ሲል «ቆዩማ፣ በዚህ ነገር የተጎዳው ሰው እዚህ አለ ወይ?» ብዬ እጠይቃለሁ። «ይቺ ሰዓዳ ደግሞ፣ ነገረኛ!» ይሉኛል። ይበሉኝ። ያኔ ሰፋሪው ከነባሩ ታረቀ፣ ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ ታረቀ፣ መንግሥትም ከሁሉም ጋር ሻይ ጠጣ። ከሐዋ ጋር የተጣላ ግን ማንም አልነበረምና፣ የሚታረቃት አልተገኘም።