ግማሽና ሲሶ ሲደመር

በደርግ ዘመን ከጎጃም ተመድቤ የካ መጣሁ፤ ይኸው እስከ ዛሬም አለሁ። እንጦጦ ግርጌ ካለ ትምህርት ቤት የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ሰጡኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ወደ አገሬ ዝውውር ጠየቅሁ። የእናቴ ዓይን እየደከመ ነበርና፣ መልኬን ለይታ ሳለች ልድረስላት ነበር ጸሎቴ። የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት የሚመጡት ተቆጣጣሪ ጓድ ሳስተምር አይተውኝ የዝውውር ቅጼ ላይ አስተያየታቸውን መጻፍ።

ያን ሰሞን ትምህርት በተግባር ይሁን የሚል መመሪያ ወርዶ ነበር። ርእሰ መምህራችን መመሪያ የሚያነቡት ቆመው ነው። ለወንጌል እንዲያ ቢቆሙ ኖሮ ይጸድቁ ነበር።

"ተማሪው በእጁ ካልነካ አልተማረም" አሉን።

"ክፍልፋይ በምን ይነካል?" ብላቸው፣

"እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። ብቻ ጓድ ሲመጡ የሚነካ ነገር ይኑር!"

ጠጠርና የባሕር ዛፍ ፍሬ ለመቆጠር ይሆናሉ፤ መከፈል ሲመጣ እምቢ ይላሉ። ስለዚህ ሦስት እኩል ዳቦ ጋገርሁ። አንዱ ለትምህርቱ፣ ሁለቱ ለመጠባበቂያ። ጠንቃቃ ሰው ነኝ፤ ጉድ የሠራኝም ጠንቃቃነቴ ነው።

ጓድ መጡና ማኅደራቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ኋላ ተቀመጡ። ቢላዋውን አነሣሁ። በእኛ ቤት ዳቦ ሳይባረክ አይቆረስም፤ እጄ ከእኔ ቀድሞ በቢላዋው ጫፍ አማተበ፣ ከንፈሬም ተንቀሳቀሰ።

"ጓድ መምህርት፣ ምንድን ነው የምታነበንቢው?"

"እየቆጠርሁ ነው ጓድ።"

አብ፣ ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስ ሦስት ናቸውና ጨርሶ ውሸት አልነበረም። የንስሐ አባቴ ግን በዚህ አልተስማሙም።

ዳቦውን ለስድስት ቆረስሁት።

"ግማሹ ስንት ቁራሽ ነው?"

"ሦስት!"

"ሲሶውስ?"

"ሲሶ የባላባት ቋንቋ ነው" አሉ ጓድ ከኋላ። "አንድ ሦስተኛ ይባል።"

"እሺ፣ አንድ ሦስተኛውስ?"

"ሁለት!"

አምስት ስድስተኛ ልንል አንድ እርምጃ ሲቀረን ጓድ ብድግ አሉ። "ምን ያወሳስበዋል? ቢላዋውን አምጪ!" አሉና መጠባበቂያዎቼን ሳቡ። አንዱን ለሁለት፣ ሌላውን ለሦስት ቆረጡ።

"ከዚህ አንድ፣ ከዚያ አንድ አነሣሁ። ስንት ያዝሁ?"

"ሁለት!"

"በጠቅላላው ስንት ቁራሽ አለ?"

"አምስት!"

"እንግዲያው ግማሽና አንድ ሦስተኛ ሲደመር ሁለት አምስተኛ! ከተባበሩ ቀላል ነው።" ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፉት። ርእሰ መምህሩ አጨበጨቡ። እሳቸው ካጨበጨቡ ክፍሉ ያጨበጭባል።

ፊት ወንበር ላይ አንዲት ልጅ ነበረች። እናቷ ከእንጦጦ እንጨት አውርዳ ትሸጣለች፤ እሷም ጠዋት ጠዋት ጭራሮ አውርዳ፣ ፀጉሯ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሳይራገፍ ነው ክፍል የምትገባው። እጇን አወጣች።

"ጓድ፣ ሁለት አምስተኛ እኮ ከግማሽ ያንሳል።"

"እንዴት ሆኖ?"

"የአምስት ግማሽ ሁለት ተኩል ነዋ! እናቴ ግማሽ ሸክም ይዛ፣ እኔ ሲሶ ስጨምርላት የሚቀላት ከሆነ እሰየው! ነገ ሙሉውን እጨምርላታለሁ።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። "እኔም ልጨምርላቸው!" አለ አንዱ ከኋላ። ጓድ አልሳቁም። እጃቸውን ማኅደሩ ላይ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ።

"ጓድ መምህርት፣ የጻፍሁት ልክ ነው አይደለም?"

ማኅደሩን አየሁ። ውስጡ ቅጼ አለ፤ ከቅጼ ወዲያ የእናቴ ዓይን።

"ጓድ እንዳሉት ነው" አልሁ።

ልጅቷ፣ ሚዛን ላይ ጣቷን ያሳረፈች ቸርቻሪ እንደሚያዩ አየችኝና ተቀመጠች። ዳቦውም፣ በእጅ እንዲነካ የተጋገረው ዳቦ፣ አንድም ልጅ ሳይነካው "ለውይይት" ተብሎ ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ሄደ።

በማግሥቱ በሬን ዘግቼ፣ ወረቀት አሳጥፌ እውነቱን አስተማርኋቸው። በፈተናው ያቺ ልጅ እንዲህ ጻፈች፦ "በቤታችን አምስት ስድስተኛ፤ እንግዳ ሲመጣ ሁለት አምስተኛ።" ሙሉ ሰጠኋት። ምን ላድርግ፣ ሁለቱንም ያስተማርኋት እኔ ነኝ።

ቅጼ ከወር በኋላ ተመለሰ። የጓድ አስተያየት የሚያኮራ ነበር፦ "ንቃቷ ከፍተኛ፣ እርማት ተቀባይ። እንዲህ ያለች መምህርት ለአካባቢው ሕዝብ እጅግ ስለምታስፈልግ ዝውውሩን አልደግፍም።" በውሸቴ መጠን ተወደድሁ፤ በተወደድሁ መጠን ተያዝሁ። ስሌቱን ማንም ያላስተማረው እግዚአብሔር እንደሚያወራርድ ያን ጊዜ አወቅሁ።

ለእረፍት አገሬ የገባሁት ከሁለት ክረምት በኋላ ነው። እናቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። "ማን ነሽ?" አለችኝ። ጎንበስ አልሁላት። ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ አገጬን በእጇ ዳሰሰችና ስሜን ጠራች።

መመሪያው እሷም ዘንድ ደርሶ ኖሯል።