ውስጡም ወይራ ነው

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ጥግ ጥጉ ላይ የበቆሎ ፍሬ ቀርቷል፤ ነቀዙም አልጠፋም። ውስጥ የነበረችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ቡሬ ላይ አረቄ የምትሸጥ። ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝና ምን አጥፍቼ እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። ስለ ዛፍ ተናግሬ ነው አልኋት።

«እሰይ፣ በአፌ የመጣሁ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከደብራችን ደን ውስጥ ትልልቁን ዛፍ እየመረጡ ቆረጡ። ጥዱም ወይራውም ሄደ። መሃል መሃሉ ላይ ሰማይ ታየ። ቆይቶ የመንግሥት ሰዎች ስብሰባ ጠሩና የቀረው ተመንጥሮ ባሕር ዛፍ ይተከልበት አሉ። እኔ ስብሰባ ላይ የምናገር ሴት አይደለሁም። ያን ቀን ግን ተነሣሁ። ቢተዉት ደኑ ራሱ ይመለሳል፣ ወይራ ቢቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል ብዬ ተቀመጥሁ። ሰው አጨበጨበ። ያስያዘኝ ጭብጨባው ሳይሆን አይቀርም። በማግሥቱ ፍኖተ ሰላም ወሰዱኝ።

መርማሪው የአገራችን ልጅ ነው፤ አንቱ እያለ ነው የጠየቀኝ። ወይራው ማነው? የቆረጠውስ ማነው? ዛፍ ነው አልሁት። ፈገግ አለ። በልጅነቱ ቅኔ ቤት እንደነበረ ነገረኝ። በእኛ አገር የቅኔ ቤት ደጅ የረገጠ ሰው፣ በግልጽ የተነገረ ቃል አያምንም፤ ወርቁን ይቆፍራል።

«ይህማ ውስጠ ወይራ ነው፤ ምሥጢሩን በውስጡ የሸሸገ ቅኔ» አለኝ።

ቃሉን ያስጠኑኝ የደብራችን የኔታ መሆናቸውን ካመንሁ፣ ያኑ ዕለት ቤቴ እንደምገባ ነገረኝ። ልጄ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ወሯ ገብቶ ነበር። ከእኔ ሌላ ሴት ዘመድ የላትም። ይህንንም ያውቃል።

የቡሬዋ ሴት ተፈታች። ጋቢዋን ትታልኝ «እንግዲህ እታለም፣ ከነቀዙ ጋራ ተጫወቺ» ብላኝ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ብቻዬን ሆንሁ። መስኮት የለውም። ለጸሎት ወዴት ዞሬ እንደምቆም ቸግሮኝ፣ ጠዋት በቆርቆሮው ስንጥቅ ብርሃን ሲገባ ምሥራቁን አወቅሁ። የሰው ድምፅ ሲናፍቀኝ ውዳሴ ማርያሙን ጮክ ብዬ ደገምሁት።

ሁለተኛ ሲያስጠራኝ ልጄን ምጥ ይዟታል አለኝ። ውሸት ይሁን እውነት አላውቅም።

«አንድ ቃል ናት፣ እናቴ። የኔታ ናቸው ይበሉና ይሂዱ።»

ጠረጴዛውን ይዤ ተነሣሁ። ነጠላዬን ቤተ ክርስቲያን እንደምገባ መስቀለኛ አጣፋሁት።

«ልጄ» አልሁት፣ «ሰሙም ወይራ ነው፤ ውስጡም ወይራ ነው።»

ይውጡ ሳይለኝ ወደ ክፍሌ ተመለስሁ። በእኛ ዘንድ ሴት ስታምጥ፣ ሴቶች ተሰብስበው «ማርያም፣ ማርያም» ይሉላታል። እኔም ወደ ብርሃኑ ስንጥቅ ዞሬ ብቻዬን «ማርያም፣ ማርያም» አልሁ።

ሲፈቱኝ ልጄ ከአራስ ቤት ወጥታ ደረስሁ። ጎረቤቶቿ ነበሩ ወገቧን የያዟት። እግዚአብሔር ውለታቸውን ይክፈላቸው፤ እሷም ሕፃኗም ደኅና ነበሩ። ለየኔታ የሆነውን አልነገርኋቸውም። ዛሬም መስቀል ሲያሳልሙኝ እንደ ሌላው ሰው ተሳልሜ አልፋለሁ።

ደኑን የመመንጠሩ ነገር በዚያው ቀረ፤ ተመስገን። ሰማይ የታየበት ቦታ መጀመሪያ ሳማና ሐረግ ወረሰው፤ ሰው ሁሉ ደኑ ጠፋ አለ። ከዚያ ብሳናው ፈጥኖ ተነሣና ጥላ ሆነ። ወይራው እንዳልሁት ከጉቶው አቆጠቆጠ። የጥዱ ጉቶ ግን ደርቆ ቀረ። ጥድ ከጉቶው አይመለስም፤ እናቲቱ ቆማ ፍሬዋን ወፍ ካልዘራላት ተስፋ የለውም። ስብሰባው ላይ ይህን አላልሁም ነበር።

በቀደም ከቅዳሴ ስንመለስ የልጅ ልጄ ከብሳናው ሥር ቁጢጥ አለች። ጣት የምታህል ችግኝ አግኝታ ልትነቅላት ስትል እጇን ያዝሁ።

«ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ጥድ ነው» አልኋት።

አመነችኝ።