ከጓሮ ደረጃው ሥር

ሚስ ቨርዲ ስታንሲል ግቢዋ ውስጥ አንድ ዘለላ ሣር ካየች ቀኑን ሙሉ ትነጫነጫለች። በእኛ በጥጥ ፋብሪካው ሰፈር ደህና ግቢ ማለት ባዶ አፈር ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በቅርንጫፍ መጥረጊያ ይጠረጋል። ሣር የሰነፍ ነው።

ይህን ያስተማረቻት አያቷ አርሚንታ ናት። አርሚንታ ፋብሪካው እንደተከፈተ በልጅነቷ ፈትል ክፍል ገባች፤ ስታረጅ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ሴቶች ፊት ቆማ ሱረት፣ ያንን ከንፈር ሥር የሚወሸቅ የትምባሆ ዱቄት፣ የሚወስዱትን የምታወግዝ ምላሰኛ ሆነች። የልጅ ልጇን እንዳትጠርግ የከለከለቻት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የጓሮ ደረጃው ሥር። "እባብ አለ" ትላት ነበር። ቨርዲ አርጅታም መጥረጊያዋን እዚያ አላስጠጋችም።

በቀደም ከዩኒቨርሲቲ የጥንት ዕቃ ቆፋሪዎች መጡ። የድሮ ሠራተኞች ምን በልተው ምን ይዘው ይኖሩ እንደነበር ለማወቅ ግቢዋን ጠየቋት፤ ደስ ብሏት ፈቀደች። መሃል ግቢው ተቆፍሮ አንድ አዝራር እንኳ ሳይገኝ ሲቀር፣ እኔ ጎረቤቷ ከአጥሩ ማዶ ቆሜ ሳይ "አየሽ የአያቴን ንጽሕና?" ብላ ተኮፈሰችብኝ።

ከዚያ አለቃቸው ዳርሊን ደረጃው ሥር ገባች። አንድ ቡናማ ጠርሙስ አወጣች፤ ደገመች፤ ሣጥን ሞላ። የሱረት ጠርሙስ እዚህ ሰፈር የማያውቅ የለም። ቨርዲ ፊቷ ጠቆረ። ከእኛ በፊት የነበሩ ተከራዮች ይሆናሉ ብላ ሞከረች።

"የታችኞቹ አያትዎ ወጣት ሳሉ የተጣሉ ናቸው፣ ሚስ ቨርዲ" አለች ዳርሊን ቀስ ብላ። "የላይኞቹ እርስዎ ልጅ ሳሉ። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ለሕዝብ እናሳያቸዋለን። የአያትዎ ስም ይጻፍ ወይስ ይቅር? እርስዎ ያሉት ይሆናል።"

ቨርዲ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። የአርሚንታን ስም ከሰው አፍ ለመጠበቅ ስትል ስንቱን ሰው እንደተጣላች አውቃለሁና ሆዴ ባባላት። እሷ ግን ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ለካ እየሳቀች ነው። እጇን ሽርጧ ውስጥ ከትታ አንዲት ትንሽ የሱረት ቆርቆሮ አወጣች።

"ዱቄት ዕቃ ውስጥ ስደብቃት ኖሬያለሁ" አለች። "ከመቃብር ተነሥታ ትቆጣኛለች ብዬ። ጻፊው ልጄ፣ ስሟን ከነአባቷ ጻፊው።"

ከዚያ ሱረቷን ከንፈሯ ሥር ወሸቀች፤ መንገደኛው ሁሉ እያያት፣ ጠዋት በጠረገችው አፈር ላይ እንትፍ አለች።