ባለ ሁለት መቀመጫዋ ጀልባ

ስልካችሁ ላይ ያሳያችሁኝን ጀልባ ሁሉ አየሁላችሁ። ቀዩንም፣ ቢጫውንም፣ ኩባያ ማስቀመጫ ያለውንም። ኩባያውን ምን ልታደርጉበት ነው? ውሃ ላይ ሻይ ቤት ልትከፍቱ ነው? ለብቻ የሚቀዘፍ፣ በአየር የሚነፋ ካያክ ምረጥልን ብላችሁ ከመጣችሁ እንግዲህ ቁጭ በሉና ስሙ።

ወሩ የካቲት ነበር። ከቤሌ ከተማ በታች ያለው የግድቡ ውሃ ጎድሎ፣ ድሮ ውሃ የዋጣቸው ዛፎች ደርቀው ጫፍ ጫፋቸው ብቅ ብቅ ያለበት ጊዜ ነው። በዚህ ወቅት ጠዋት ውሃው ጸጥ ይላል። ረፋዱ ላይ ግን ነፋሱ ከገደሉ ሥር ይነሳና እስኪመሽ አይተኛም። ጓደኞቼ እነማን እንደነበሩ ብትጠይቁኝ፣ ማንም አልነበረም።

ከጎልማሳነቴ ጀምሮ አብሮኝ አዞ ያደነው አንጁሎ ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ሞቶብኝ ነበር። የኪንዶ ሰው ነው፤ «ኢሻ»፣ ወንድሜ፣ ነበር የምንባባለው። በአሣ አጥማጆች የእንጨት ጀልባ ስንወጣ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነን። ዓይኑ ከእኔ ይሻላል፣ ክንዴ ከእሱ ይበረታል፤ በዚሁ ተስማምተን ኖርን። ወሬ አያበዛም። አዞ ካየ ግራ እጁን ከጭኑ ላይ ብድግ ያደርጋል፤ እኔ ከኋላ ሆኜ መቅዘፌን አቆማለሁ። ከሞተ በኋላ ቤት ውስጥ ያን ያህል አልከበደኝም፣ ቤት ውስጥማ ድሮም ብቻዬን ነኝ። የከበደኝ ውሃው ላይ ነው።

የእንጨት ጀልባ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን አይገፋውም። ስለዚህ ሶዶ ገበያ ውስጥ ዕቃ የምታስመጣ አስቴር የምትባል ነጋዴ ዘንድ ሄድኩ። ተጣጥፎ በጀርባ የሚታዘል ካያክ ታስመጣለች ሲሉ ሰምቼ ነው። ሁለት ፎቶ አሳየችኝ፤ አንዱ ባለ አንድ መቀመጫ፣ ሌላው ባለ ሁለት።

«ጋሽ ማርቆስ፣ ከማን ጋር ነው የሚቀዝፉት?» አለችኝ።

ክፉ ጥያቄ አልነበረም። ግን ብቻዬን ነኝ ማለት አቃተኝ። የሁለት ሰው ይሁን አልኳት። እሷም አልጨቀጨቀችኝም፣ አስመጣችልኝ።

እንግዲህ በዚያ የካቲት አንድ ትልቅ አዞ ሴቶች ውሃ የሚቀዱበትን ዳርቻ ለመደ። ፍየሉን ስንቱን በላ። በኋላ ዘሪቱ የምትባል እናት ጀሪካኗን ስትነክር ክንዷን ያዛት፤ ሰዎች በድንጋይና በጩኸት አስጣሏት። ያን አዞ ብቻ እንድገድል ከወረዳው ፈቃድ ተሰጠኝ። ቦታው ስደርስ ሴቶቹ ከውሃው ርቀው ቆመው አንቺ ቅደሚ፣ አንቺ ቅደሚ ይባባላሉ። ዱካውን አየሁት። መዳፉ ግራና ቀኝ፣ ጅራቱ መሃል ለመሃል ጭቃውን አርሶት ሄዷል። የሚተኛው ከማዶ፣ ገደል በከበባት ጠባብ የውሃ ሰርጥ ውስጥ ነው፤ በእግር አይደረስም።

በማግስቱ መንገዱ እስከሚያልቅ በሞተር ሄድኩ፤ ከዚያ ጀልባዬን አዝዬ ቁልቁል ወረድኩ። ክብደቱን ልብ በሉ እሺ? ሱቅ ውስጥ ቀለል ያለው ሁሉ ገደል ላይ ይከብዳል። ዳር ላይ ነፋኋት። ሦስት የአየር ክፍል አላት፤ ግራ፣ ቀኝና ወለሏ፣ እያንዳንዱ ለየብቻው የሚዘጋ። እስክትወጠር አልነፋኋትም፣ ፀሐይ ሲመታት ውስጧ ያለው አየር ያብጣልና። ጠመንጃዬን በገመድ ከጎኗ አሰርኩ፣ የተቀቀለ ቦዬዬን፣ ያው ሥራ ሥሩን፣ ጉያዬ ከተትኩ።

ከዚያ ከኋላ ተቀመጥኩ። ልብ አድርጉ፣ ከኋላ! የፊቱን መቀመጫ ባዶውን ተውኩት። ቦርሳዬን እንኳ እዚያ ማስቀመጥ አልሆነልኝም፤ የሰው ቦታ ላይ ዕቃ የጣልኩ መሰለኝ። ያለ ጓደኛ ከኋላ ስትቀመጡ የጀልባዋ አፍንጫ ወደ ላይ ይነሳል። ውሃው ጸጥ እስካለ ምንም አይደለም፣ እኔም ምንም አልመሰለኝም።

አዞውን ጭቃው ላይ አገኘሁት፤ አፉን ከፍቶ ፀሐይ ይሞቃል። ትንሽ ልጠጋ ብዬ በዝግታ ስቀዝፍ ነፋሱ ተነሳ። የተነሳውን አፍንጫ ያዘና ጀልባዋን ወደ ጎን አዞራት። በቀኝ ብቀዝፍ፣ በግራ ብቀዝፍ እምቢ። እየገፋ ወስዶ ከደረቀ ግራር ጋር አላተመኝ፤ እሾሁ ይሁን ስባሪው አላውቅም፣ የግራ ጎኗን ቀደደው። አየሩ ፍሽ ሲል ሰማሁት። ወደዚያው ዘመመች። ቀና ብዬ ጭቃውን ባይ አዞው የለም። ውሃ ገብቷል።

ፈራሁ። እውነቱን ነው የምነግራችሁ። ከአዞውም ይልቅ ያስፈራኝ አንድ ሌላ ነገር ነው። እዚህ ብቀር ማን ይፈልገኛል? እሁድ ጸሎት ቤት ካልታየሁ ምናልባት አንድ ሰው ማርቆስ የት ሄደ ይላል። እሁድ ደግሞ ገና ሩቅ ነበር።

ማድረግ ያለብኝን አውቀዋለሁ። ከኋላ ተነስቼ ወደ ፊት መሄድ፣ አፍንጫዋን በክብደቴ መጫን። ግን ቦታው የእሱ ነው። ሞኝነት ነው ትሉኛላችሁ፤ በሉኝ። ያን ጊዜ ድምፄን አውጥቼ፣ «ኢሻ፣ ጠጋ በልልኝ» አልኩ።

ብዬም በሆዴ እየተሳብኩ ወደ ፊት ሄድኩና በቀኝ በኩል አጋድዬ ተቀመጥኩ። አፍንጫዋ ዝቅ አለ። ነፋሱ የሚይዘው አጣ፣ ጀልባዋም ቀጥ አለች። ወዲያው በሟሸሸው ጎን በኩል አረፋ ተከታትሎ መጣ፤ ከዚያ ሁለት ዓይኖች ብቅ አሉ። መቅዘፊያዬን ብዘረጋ ሊነካው ይችላል። ጠመንጃዬን ሳብኩ። ፊት ለፊት እያየኝ አልተኮስኩም፤ ጭንቅላቱን ዞር እስኪያደርግ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ። ዞር ሲል ከዓይኑ ኋላ መታሁት። ውሃው ፈላ። ጅራቱን አንስቶ የኋላውን መቀመጫ ሲመታው ከነማሰሪያው ገንጥሎ ወሰደው። ትንሽ ቀደም ብሎ እኔ የተቀመጥኩበትን ማለቴ ነው። ከዚያ ሰጠመ።

በቀሩት ሁለት ክፍሎች እያዘገምኩ፣ እስከ ወገቤ ውሃ ውስጥ ሆኜ ዳር ደረስኩ። ቦዬው ረጥቦ ነበር፤ እንደረጠበ በላሁት። እየበላሁ አለቀስኩ። ከአንጁሎ ቀብር ወዲህ ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስኩት።

የአዞው ሬሳ በኋላ ተንሳፍፎ ዳር ወጣ። ዘሪቱ መጥታ አየችው፣ በደህናው እጇም ጀሪካኗን ሞልታ ሄደች።

ስለዚህ ብቻችሁን ከሆናችሁ ባለ አንድ መቀመጫውን ግዙ። መሃሏ የምትቀመጡባት፣ አፍንጫዋ ዝቅ ያለ፣ የአየር ክፍሏ ከአንድ በላይ የሆነ። ብትገለበጥ ያለ ሰው እርዳታ ተመልሳችሁ መውጣት መቻላችሁን ዳር ላይ ሞክሩት፣ የሕይወት ጃኬታችሁንም አታውልቁ። እኔም አስቴር ዘንድ ተመልሼ ሄድኩ። የአንድ ሰው፣ አልኳት። ከማን ጋር ነው ብላ አልጠየቀችኝም፣ ቀና ብላ አይታኝ ብቻ አዘዘችልኝ።

አሁን በእሷ ነው የምወጣው። ደህና ናት፣ ነፋስም አያዞራትም። አዞ ሳይ ግን ግራ እጄ ሳላስበው ከጭኔ ላይ ብድግ ይላል። እንደዚያው አንስቼ ትንሽ እቆያለሁ። ከኋላዬ መቅዘፉን የሚያቆም ሰው የለም።