እትዬ ይገባል እና የሚሸተው ጉድጓድ

ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ይገባል ነው የሚላቸው። ዕድሜያቸውን ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ግን ከፎቃቸው ጀርባ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ልጣጭና ቅጠል በስብሶ ማዳበሪያ የሚሆንበት የብስባሽ ጉድጓድ ያስተዳድራሉ። ያስተዳድራሉ ማለት አይበዛም፤ ያለ እሳቸው ፈቃድ የሙዝ ልጣጭ እንኳ አይጣልበትም።

ጠዋት በራቸው ከተንኳኳ ጥያቄ መጣ ማለት ነው።

«እትዬ፣ የእንቁላል ቅርፊት ይገባል?»

«ይገባል፤ ግን ደቆስ አድርጊው።»

«ጋዜጣስ?»

«ተቀዳዶ ይገባል። ያንን የሚያብረቀርቀውን የመጽሔት ወረቀት ግን ወዲያ በይልኝ።»

ፀጉር አስተካካዩ የጠረገውን ፀጉር በከረጢት ይዞ ሲመጣ እሰየው ይባላል፤ ድመቷ የምትጸዳዳበትን አሸዋ ይዛ የመጣችው ጎረቤት ግን ደረጃውን ሳትወርድ ተመልሳለች። አሮጌ ጨርቅ የመጣ እንደሆነ ክር ይመዙና ክብሪት ይጭሩበታል። አመድ ከሆነ ጥጥ ነው፣ ይገባል፤ ቀልጦ ከተድቦለቦለ ናይለን ነው፣ አይገባም። ሥጋ፣ አጥንትና ቅባትማ በሕልማቸውም አይታሰብ።

እውነቱን ለመናገር ብስባሹ ሰበብ ነው። የስፌት ሱቃቸው ክፍት ሳለ ሰው «ይሄ ቀለም ይሄድብኛል? ይሄ ትንሽ ይጠባል?» እያለ ሲጠይቃቸው ይውል ነበር። ሱቁ ሲዘጋ ጠያቂውም ቀረ፤ ቤቱ ጭር አለባቸው። ባላቸው፣ ጡረተኛው የአውቶቡስ ሾፌር፣ ወርቅ የሆኑ ሰው ናቸው፤ ግን ዝም ብለው መዋል ይችሉበታል። ሰውን ወደ በራቸው የመለሰው ያ ጉድጓድ ነው።

ታዲያ ይኸው ጉድጓድ በድንገት ይሸት ጀመር። አቤት ሽታ! ዝንቡ ፎቅ ድረስ ወጣ፣ አይጥም ታየ ተባለ። መኪናቸውን የሚያቆሙበት ቦታ አጥተው የሚንከራተቱት የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ደስታቸውን ደበቅ አድርገው መጡ።

«እትዬ፣ ሰው መስኮት መክፈት አልቻለም። እስከ ቅዳሜ ካልተስተካከለ ሲሚንቶ አፍስሰን የመኪና ማቆሚያ እናደርገዋለን።»

«ያልተፈቀደ ነገር አልገባበትም!»

«አፍንጫዬ እንደዚያ አይልም።»

እትዬ ይገባል ደማቸው ፈላ። በማግስቱ ቦት ጫማቸውን አጥልቀው፣ አፍንጫቸውን በሻሽ ጠፍረው፣ መንሽ ይዘው ወረዱ። በልባቸው ፀጉር አስተካካዩንም የድመቷንም ባለቤት ሲከሱ፣ መሃሉን ገልበጥ ቢያደርጉት ቅባት የረጋበት አጥንት ብቅ አለ። ከአጥንቱ ጋር ካሮት።

ካሮቱን አነሡና ጠጋ አድርገው አዩት። በሰያፍ የተቆረጠ ነው፤ ቁራጩ ሁሉ እኩል፣ በሜትር የተለካ ይመስላል። በዚያ ፎቅ ካሮትን እንደ ጨርቅ በሰያፍ የሚቆርጥ ከእሳቸው በቀር አንድም ሰው የለም። የገዛ ሾርባቸው ነበር።

ሽቅብ ወጥተው ካሮቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ሾፌሩ ካሮቱን አዩ፣ ሚስታቸውን አዩ፣ ከዚያ ጣሪያውን ያዩ ጀመር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሾፌሩ አንድ ጊዜ ክፉ ጉንፋን ጥሏቸው ሲነሡ «ይሄ የአጥንት ሾርባ ነው ያዳነኝ» ብለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ምሳ ሌላ ሆኖ አያውቅም።

«ሰለቸኝ» አሉ በመጨረሻ። «እንዲያ ደስ ብሎሽ ስትሠሪው እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ሳህኑን በረንዳ ይዤ እወጣለሁ። የልጣጩን ባልዲ የማወርደው እኔ አይደለሁ? ሾርባውን ከልጣጩ ሥር አደርገዋለሁ።»

«ሥጋ እንደማይገባ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል! አንተ ብቻ ነህ የማታውቀው?»

«ጠይቄሽ አላውቅማ።»

እትዬ ከፋቸው። ከሲሚንቶው ይልቅ ይሄ ነው ሆዳቸውን ያባባው፤ አንድ ጣሪያ ሥር ያለ ሰው ምሳውን ደብቆ ሲጥል አለማየታቸው። ግን ደግሞ ያ ግዙፍ ሰውዬ ባልዲ አቅፎ፣ ግራ ቀኙን እያየ ደረጃ ሲወርድ ታያቸውና ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ተነሥ፣ ጫማህን አድርግ!»

አጥንቱንና ቅባቱን አንድ በአንድ ለቅመው አወጡ። ከአናጢው ሰጋቱራ ለመኑ፣ ደረቅ ቅጠል ጠረጉ፣ ካርቶን ቀደዱ፣ አየር እንዲያገኝ ደጋግመው ገለበጡት። ሾፌሩ መንሹን ይዘው ሲሠሩ ወሬያቸው አላባራም፤ ስለ መሪ፣ ስለ ጎማ፣ ስለማይወዱት ሾርባ ሁሉ አወሩ።

ቅዳሜ ሰብሳቢው ጎረቤቱን አስከትለው መጡ። ጎንበስ ብለው አሸተቱ። ደግመው አሸተቱ። ዝናብ የመታው አፈር እንጂ ሌላ ሽታ የለም።

«ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ነበር?» አሉ ቅር እያላቸው።

ሾፌሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እትዬ ግን ቀደሟቸው።

«የእኔ ነው። ሰው ሁሉ እኔን ሲጠይቅ፣ እኔ አንድ ሰው መጠየቅ ረሳሁ።»

ሰብሳቢው ሌላ የመኪና ማቆሚያ ፍለጋ ሄዱ፤ ጎረቤቱም እየሳቀ ተበተነ። ባልና ሚስት ወደ ቤታቸው ወጡ። እትዬ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆም አሉ።

«ዛሬ ምሳ ምን ልሥራልህ?»

ሾፌሩ ጥያቄው አዲስ ሆነባቸው፤ ጊዜ ወስደው አሰቡበት።

«እንቁላል» አሉ። «ቅርፊቱን ደቁሼ የማወርደው እኔ ነኝ።»